የጉዳይ ጥናት፦ ኤር ፍራንስ 447፣ ጥቁር ሳጥኑ ሳይወጣ የተወራውና ከወጣ በኋላ የታየው

ለምን ይሄን ጉዳይ

አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ጠፍቶ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ይገምታል። መገመት ክፉ ነው ልል አይደለም፣ እኔም እገምታለሁ፣ መርማሪዎቹም ስራቸውን የሚጀምሩት ከግምት ነው። ችግሩ ግምታችን ልክ ይሁን አይሁን የምናይበት አጋጣሚ ብዙም አናገኝም። ወይ መልሱ ቶሎ ይወጣና የተወራው ሁሉ ይረሳል፣ ወይ ደግሞ በማርች 2014 እንደጠፋው የማሌዥያው ኤምኤች370 ዋናው አካሉ ሳይገኝ ይቀርና ሁሉም የየራሱን ይዞ ይኖራል።

ኤር ፍራንስ 447 ከሁለቱም ይለያል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንደልቡ ገመተ፣ ጋዜጣ ገመተ፣ ባለሙያ ገመተ፣ ከዛ ጥቁር ሳጥኑ ከ3900 ሜትር ጥልቀት ወጣና ሰከንድ በሰከንድ የሆነውን አሳየ። ልክ እንደ ፈተና፣ ወረቀታችንን አስረክበን ስንጨርስ ነው መልሱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው። ስለዚ ስለ አደጋው ብቻ ሳይሆን ስለ አገማመታችንም ብዙ የሚያስተምር ይመስለኛል።

የፓይለቶቹ ስም በየቦታው አለ፣ እኔ ግን ማንንም በስም አልጠራም፣ አያስፈልገንም። ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ሰዓቱ ደግሞ የግሪንዊች ነው።

ዳራ

አውሮፕላኑ ኤርባስ ኤ330-200 ነው። ሜይ 31, 2009 ማታ ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ተነሳ። ውስጡ 228 ሰው ነበር፣ 216 መንገደኛና 12 የበረራ ሰራተኛ። ከሰራተኞቹ ሶስቱ ፓይለቶች ናቸው፣ በረራው ረጅም ስለሆነ ተራ በተራ እንዲያርፉ ነው ሶስት የሆኑት (ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች)።

ከብራዚል የበረራ ተቆጣጣሪ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት 01:35 ላይ ነው። ከዛ በብራዚልና በሴኔጋል መሃል ያለው ራዳር የማይደርስበት የአትላንቲክ ክፍል ውስጥ ገቡ። ቦታው ከምድር ወገብ ብዙም አይርቅም፣ የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች የሚገናኙበትና ትላልቅ የነጎድጓድ ደመናዎች የሚከመሩበት ነው፣ በዛ ወቅት ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የዛን ሌሊት በዛው መስመር ያለፉ ሌሎች አውሮፕላኖችም ነበሩ፣ ደመናውን ለመሸሽ ከመንገዳቸው ወጣ ብለው አለፉ፣ አንዳንዱ ትንሽ አንዳንዱ ብዙ።

ከ02:10 እስከ 02:15 ባለው ጊዜ አውሮፕላኑ ራሱ በሳተላይት 24 አውቶማቲክ የጥገና ሜሴጆች ወደ ፓሪስ ላከ። ከዛ በኋላ ዝም። የድረሱልኝ ጥሪ የለም፣ ምንም የለም። የፍለጋው ጥሪ እንኳን የወጣው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ምክንያቱም አንዱ የቁጥጥር ማዕከል ሌላው ጋ ነው ብሎ ያስባል፣ ሌላው ደግሞ ገና አልደረሰኝም ይላል።

ችግሩ

ማስረጃ አልነበረም፣ የሰው ጥያቄ ግን ነበር። 228 ሰው በዘመናዊ አውሮፕላን፣ በትልቅ አየር መንገድ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጠፋ ስትባል ጭንቅላትህ ለአደጋው የሚመጥን ትልቅ ምክንያት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ የመጣው መብረቅ ነው፣ ያውም ከመንገድ ላይ ወሬ ሳይሆን ከአየር መንገዱ በኩል በመጀመሪያው ቀን የተነገረ ነው። ልንገራችሁ፣ ያኔ እኔም መብረቅ ነው ብዬ ለሰው ሳስረዳ ነበር። ሳስበው ግን አውሮፕላን መብረቅ የሚመታው ብርቅ ሆኖ አይደለም፣ ሲሰራም ያንን አስተላልፎ እንዲያወጣ ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ ይሄን ደግሞ አውቅ ነበር፣ ግን በቃ ሌሊት፣ ውቅያኖስ፣ ነጎድጓድ ሲባል ስዕሉ አሳመነኝ።

ቀጥሎ ቦምብ። አደጋው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሜይ 27 ላይ፣ ከቦነስ አይረስ ወደ ፓሪስ በሚሄድ ሌላ የኤር ፍራንስ በረራ ላይ የቦምብ ማስፈራሪያ ተደውሎ ነበር፣ ተፈትሾ ምንም አልተገኘም። ግን ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ነበር። በዛ ላይ ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ ስማቸው ከአክራሪዎች ጋር ይመሳሰላል የሚል ዘገባ ወጣ፣ በኋላ የስም መመሳሰል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሞቱ ሰዎች ስም እንደዛ ሲነሳ ቤተሰቦቻቸው ምን እንደተሰማቸው አስቡት፣ ማስተባበያው እንደሁ እንደ ወሬው አይሮጥም።

ከዛ ብልጭታው። የሌላ አየር መንገድ ፓይለት ነጭ ኃይለኛ ብርሃን ወደታች ሲወርድ አየሁ አለ። ውሸታም አልለውም፣ የሆነ ነገር አይቶ ይሆናል፣ ግን እሱ የነበረበትን ቦታ ካርታ ላይ ስታስቀምጡት ከ447 በጣም ይርቃል። ከብልጭታው ደግሞ ሜቲዮር (ከህዋ የሚወድቅ ድንጋይ) መታው የሚለው ተወለደ፣ እሱማ በዛው አለቀ።

የጭራው ቲዎሪ ግን ጠንከር ያለ ነበር። ባህሩ ላይ ትልቁ ቋሚ ጭራ ከነመሪው ሙሉ ለሙሉ ተንሳፎ ተገኘ፣ ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል፣ የኩባንያው ቀለም ያለበትን ነገር ጠላቂዎች ሲይዙት። በኖቬምበር 2001 ኒውዮርክ ላይ የወደቀው የአሜሪካን አየር መንገድ 587 ጭራው አየር ላይ ተገንጥሎ ነው፣ እሱም ኤርባስ ነበር። ከ24ቱ ሜሴጆች አንዱ ደግሞ የጭራውን መሪ እንቅስቃሴ የሚገድበው ሲስተም ችግር እንዳለበት ይላል። ሶስቱን ስትደምራቸው አየር ላይ ጭራው ተገነጠለ ማለት ሞኝነት አልነበረም። ስህተት ነበር ግን ሞኝነት አልነበረም።

ኮምፒውተሩ አበደ የሚለውም እንደዛው። በኦክቶበር 2008 የአውስትራሊያው ኳንታስ ንብረት የሆነ ኤ330 ዳታ በሚያቀብለው መሳሪያ ስህተት የተነሳ በድንገት አፍንጫውን ወደታች ደፍቶ ሰዎች ተጎድተው ነበር። አንድ አይነት አውሮፕላን፣ ስምንት ወር እንኳን አልሞላውም። ያ መሳሪያ ግን ሌላ አምራች የሰራው ነው፣ 447 ላይ የነበረው እሱ አይደለም፣ ይሄን ግን ስንቱ ፈትሾ ነው የሚያወራው።

የጥገና ሜሴጆቹ በቀናት ውስጥ አፈትልከው ወጡ፣ እና ሁሉም ሰው ኢንጂነር ሆነ። ከሁሉ በላይ የተወራባት የመጨረሻዋ ናት፣ የካቢን ቁመታዊ ፍጥነት የምትለው። ብዙው ሰው አካሉ ተቀደደ፣ አየሩ ወጣ፣ አውሮፕላኑ ተበተነ ብሎ አነበባት። ሜሴጇ የምትለው ግን የካቢኑ ግፊት ከተለመደው ፈጥኖ እየተቀየረ ነው ብቻ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ሆኖ በፍጥነት ቢወርድም ያቺው ሜሴጅ ትመጣለች።

እና መሃል ላይ የፒቶ ቱቦ የሚል ነበር። ፒቶ ማለት ከአፍንጫው አካባቢ ወጣ ብላ ነፋሱን ፊት ለፊት የምትቀበል ትንሽ ቱቦ ናት፣ ፍጥነት የሚለካው በሷ ነው። በደመና ውስጥ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች ሲደፍኗት ፍጥነቱ ይጠፋል። ሜሴጆቹን በጥሞና ያነበቡ ሰዎች የፍጥነት ንባቦቹ እርስ በርስ እንዳልተስማሙ አይተው በሳምንቱ ውስጥ እዚ ደርሰዋል። ይሄ ልክ ነበር። ግን ግማሹ ብቻ።

ስለ ፎቶዎቹም ላንሳ። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ከመንገደኛ ካሜራ የተገኙ ተብለው በኢሜይል የዞሩ ሁለት ፎቶዎች ነበሩ፣ የተቀደደ አውሮፕላን፣ ሰው ወደ ውጭ ሲሳብ የሚያሳዩ። ከአንድ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የተወሰዱ ናቸው። አንድ የቦሊቪያ ቴሌቪዥን ጣቢያ እውነት ናቸው ብሎ አስተላልፏቸዋል።

ምን እርምጃ ተወሰደ

ምርመራውን የመራው የፈረንሳይ የአቪዬሽን አደጋ መርማሪ መስሪያ ቤት፣ ቢኢኤ የሚባለው ነው። መጀመሪያ ፍለጋው ራሱ ተሰናከለ። ብራዚል ስብርባሪ አገኘን አለች፣ ከዛ ጁን 4 ላይ ከባህር የወጣው የእንጨት መጫኛ የአውሮፕላኑ አይደለም ተባለ። እውነተኛዎቹ አስከሬኖችና ስብርባሪዎች መነሳት የጀመሩት ጁን 6 ነው። በዛ ወር 50 አስከሬን ወጣ።

ጁላይ 2, 2009 ማለትም ልክ አንድ ወር እንደሞላ ቢኢኤ የመጀመሪያውን ሪፖርት አወጣ። ጥቁር ሳጥን የለም፣ ያላቸው የተንሳፈፈ ቁርጥራጭ ነው፣ ግን ከቁርጥራጩ ያወጡት ነገር የሚገርም ነው። የውስጥ እቃዎቹ ሁሉ ከታች ወደ ላይ ተጨፍልቀዋል፣ ስለዚ አውሮፕላኑ ውሃውን የመታው በሆዱ፣ በጣም በፈጠነ ቁልቁለት፣ ሙሉ ሆኖ ነው። ቆየት ብሎ እንደታየው የኦክስጅን ጭምብል መያዣዎቹም ተዘግተው ነው የተጨፈለቁት፣ ስለዚ ካቢኑ አየር ላይ አልተቀደደም። የህይወት ማዳኛ ጃኬቶቹ አልተነፉም፣ ስለዚ ውሃ ላይ እናርፋለን ብሎ የተዘጋጀ ሰው የለም። ቆየት ብሎም ጭራው የተገነጠለው ውሃውን ሲመታ እንደሆነ ከስብራቱ አቅጣጫ አሳዩ።

ልብ በሉ፣ ቦምቡም፣ ሜቲዮሩም፣ የጭራው መገንጠልም፣ ማዕበል አየር ላይ በታተነው የሚለውም በዚህ ነው የወደቁት፣ ጥቁር ሳጥን ሳያስፈልግ። ወሬያቸው ግን ሁለት ዓመት ቀጠለ።

ጥቁር ሳጥኖቹ ላይ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ድምጽ የሚልኩ መሳሪያዎች አሉ፣ ባትሪያቸው ያኔ የሚቆየው 30 ቀን ነበር። የፈረንሳይ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ሳይቀር ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ፣ ምንም አልተሰማም። በአውሮፓው በጋ በሶናር (የባህሩን ወለል በድምጽ ሞገድ በሚቃኝ መሳሪያ) ተፈለገ፣ የለም። በ2010 በአውሮፓው ጸደይ ላይ የባህሩን ሞገድ ወደኋላ አስልተው፣ አስከሬኖቹ በስድስት ቀን ከየት ተነስተው እዛ ደረሱ ብለው ሰፊ ቦታ አሰሱ፣ የለም። በዛው ወቅት ሰርጓጁ ዓመት በፊት የቀዳው ድምጽ እንደገና ሲተነተን ሲግናሉ ይሄው ተባለና መርከቦቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሩ፣ እዛም የለም። ባለሙያም በጭንቅ ውስጥ ሲሆን መስማት የሚፈልገውን ይሰማል።

መንገዱን የከፈተው አንድ የሂሳብ ቡድን ነው። ስራቸው የተሞከረውን ሁሉ፣ የከሸፈውንም ጭምር፣ በአንድ ካርታ ላይ በዕድል መጠን ማስቀመጥ ነበር። ከመጨረሻው የታወቀ ቦታ አጠገብ ያለው አካባቢ ነጥቡ ዝቅ ያለው በ2009 እዛ ተዳምጦ ድምጽ ስላልተሰማ ነው። አንድ ሰው ግን የድምጽ መላኪያዎቹ ባይሰሩስ ብሎ ጠየቀ። ያንን ሲያስገቡ ካርታው ተገለበጠ፣ ከሁሉ የሚቀርበው ቦታ ከሁሉ የሚጠረጠር ሆነ።

አራተኛው ፍለጋ ማርች 25, 2011 ጀመረ። ኤፕሪል 3 ስብርባሪው መገኘቱ ተነገረ። ሁለት ዓመት ለተፈለገ ነገር ሳምንት ከምናምን። የተገኘው ከመጨረሻው ቦታ 12 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ነው።

ከዛ በኋላም ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ነበር፣ የበረራ ዳታ መቅጃው መጀመሪያ ሲገኝ ቀፎው ብቻ ነበር፣ ሜሞሪው ተገንጥሎ ወድቋል። ሜይ 1 ሜሞሪው ራሱ ተገኘ፣ በማግስቱ የኮክፒቱ ድምጽ መቅጃ። ሁለት ዓመት ከጨው ውሃ ስር የኖረው ዳታ ሙሉ ለሙሉ ተነበበ።

መቅጃው ያሳየው

ዋናው ካፕቴን ወደ እረፍቱ ሄዷል፣ ሁለቱ ኮፓይለቶች ናቸው ኮክፒት ውስጥ ያሉት። ከፍታቸው 35,000 ጫማ። 02:10:05 ላይ በረዶው ፒቶዎቹን ደፈነ፣ ፍጥነቱ የማይታመን ሆነ፣ አውቶፓይለቱ ተፈታ፣ የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረውም ተፈታ። በቀኝ የተቀመጠው መሪውን ያዘና አፍንጫውን ወደላይ ሳበ። አውሮፕላኑ ወደ 38,000 ጫማ ገደማ ወጣ፣ ፍጥነቱን እየጨረሰ።

ከዛ ስቶል። እዚ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ስቶል ሲባል እንደ መኪና ሞተሩ የጠፋ ይመስለዋል። ሞተሮቹ እስከ መጨረሻው ይሰሩ ነበር። ስቶል ማለት ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር ያለው ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ላይ ይለያይና የማንሳት ኃይሉ ይወድቃል ማለት ነው። መውጫው አፍንጫን ወደታች መድፋት ነው። ማስጠንቀቂያው በድምጽ ስቶል፣ ስቶል እያለ 54 ሰከንድ ሳያቋርጥ ጮኸ። ከሁለቱ አንዳቸውም ስለሱ አልተናገሩም፣ መሪውም በአብዛኛው ወደኋላ እንደተሳበ ነበር።

ካፕቴኑ አውቶፓይለቱ ከተፈታ ከደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ተመለሰ። ያኔ አውሮፕላኑ እየወደቀ ነው። አሁን የሚመጣው ነገር ሳነበው ያስደነገጠኝ ነው፦ የሚለካው ፍጥነት ከ60 ኖት (በሰዓት 111 ኪሎሜትር ገደማ) በታች ሲወርድ ሲስተሙ የማዕዘኑን ንባብ ትክክል አይደለም ብሎ ይጥለዋል፣ ማስጠንቀቂያውም ዝም ይላል። ስለዚ ችግሩ በባሰ ጊዜ ጸጥታ ሆነ፣ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት ደግሞ ፍጥነቱ ከ60 በላይ ይሆንና ጩኸቱ ይመለሳል። ትክክለኛውን ስታደርግ ይጮህብሃል፣ ስትሳሳት ዝም ይልሃል።

ቅጂው 02:14:28 ላይ ያበቃል። ያኔ በደቂቃ 10,912 ጫማ ይወርዱ ነበር፣ አፍንጫቸው 16.2 ዲግሪ ወደላይ ነው። ከተፈታው አውቶፓይለት እስከ ውሃው 4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ። ፒቶዎቹ ያጡት ፍጥነት ግን በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተመልሶ ነበር።

የሰራውና ያልሰራው

የሰራው ቁርጥራጭን ዝም ብሎ ማንበብ ነው። የጁላይ 2009ኙ ሪፖርት አውሮፕላኑ ውሃውን እንዴት እንደመታ ያለው ነገር መቅጃው ሲወጣ ልክ ሆኖ ተገኘ። ቢኢኤ ያኔ ፒቶውን ከምክንያቶቹ አንዱ እንጂ ምክንያቱ ነው አላለም፣ ብዙ ሰው ተበሳጭቶበት ነበር፣ ግን ከዛ በላይ የሚያስብል ነገር በእጃቸው አልነበረም። ኤርፍራንስ ፒቶዎቹን መቀየር የጀመረው ከአደጋው በፊት ነው፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን የተቀየረለት ሜይ 30 ነው፣ ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው፣ ይሄኛው ገና ተራው አልደረሰም። የአውሮፓ ደህንነት ባለስልጣንም በዛው ነሐሴ መጨረሻ፣ ኦገስት 31፣ መቀየሩን ግዴታ አደረገው። ሙሉ መልሱ ሳይመጣ የማያከራክረውን ግማሽ ማስተካከል ይቻላል ማለት ነው።

ያልሰራው ዝምታን እንደ ማስረጃ መውሰድ ነው፣ ድምጽ ካልተሰማ እዛ የለም የሚለው፣ ያ ብቻ ፍለጋውን ከትክክለኛው ቦታ አራቀው። ሌላ ያልሰራው ነገር መርማሪው በወሬው መሃል ዝም ሲል ነው። ሜይ 2011 ላይ ሳጥኑ ገና ከመነበቡ አንድ ጋዜጣ ኤርባስ ነጻ ነው፣ ጥፋቱ የፓይለቶቹ ነው የሚል ዘገባ አወጣ፣ ቢኢኤ ተቆጥቶ መግለጫ ሰጠ፣ ከዛ ግን ሜይ 27 የመጀመሪያዎቹን እውነታዎች በአጭሩ አወጣ፣ እሱ ከቁጣው የተሻለ ሰራ። በበጋው ደግሞ ስለ ስቶል ማስጠንቀቂያው የታሰበ አንድ ምክረ ሃሳብ ከሪፖርቱ መሰረዙ ሲታወቅ የፓይለቶች ማህበሩ ከምርመራው ራሱን አገለለ። የመጨረሻው ሪፖርት ጁላይ 5, 2012 ወጣ፣ ያቺ የተሰረዘችው ምክረ ሃሳብ ግን እስካሁን ምን ደበቁ ለሚለው ማስረጃ ተደርጋ ትጠቀሳለች።

እና አዲስ ግምት ተወለደ፣ ፓይለቶቹ መብረር አይችሉም ነበር፣ ካፕቴኑ ጥሎ ተኛ የሚል። ካፕቴኑ የሄደው ቅድም እንዳልኩት በተራው ነው፣ ሶስት ፓይለት የተያዘው ለዛ ነው። ማን መሪ እንደሚሆን አለመለየቱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ግን ጥሎ ተኛ ከሚለው ጋር አንድ አይደለም። በነገራችን ላይ ይሄም እንደ ቦምቡ ነው፣ ልዩነቱ ቦምቡ ሁሉንም ነገር ውጭ ያደርገዋል፣ ይሄ ደግሞ ሁሉንም አንድ ሰው ላይ ይጭነዋል። ከዛ በፊት ተመሳሳይ የፒቶ መደፈን የገጠማቸው ሌሎች ኤ330ዎችና ኤ340ዎች በሰላም አርፈዋል፣ ይሄን ፓይለቶቹን ለመክሰስ ማንሳት ይቻላል፣ ግን መርማሪዎቹ እነዛን በረራዎች ሲያዩ ከፍታ ላይ ፍጥነት ሲጠፋ የሚባለውን አሰራር በደንብ የተከተለ ብዙም አላገኙም። ማለትም ክፍተቱ አንድ ኮክፒት ውስጥ ብቻ አልነበረም፣ ስልጠናው ያንን ነገር በዛ ከፍታ በእጅ አላስለመዳቸውም።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገረው

አዲስ አደጋ ሲደርስ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄ ቲዎሪ እውነት ቢሆን ምን አይነት አሻራ ይተዋል የሚለውን ነው። አየር ላይ ፈነዳ ካልክ ስብርባሪው በሰፊው መበተን አለበት፣ ካቢኑ ተቀደደ ካልክ ጭምብሎቹ መውረድ አለባቸው። አሻራ የማይተው ቲዎሪ፣ ማስረጃ ሲጠፋ ተደብቆ ነው የሚል፣ እሱ ላይ ጊዜ አላባክንም።

ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ አደጋ ጥሩ ጥቆማ ነው፣ መልስ ግን አይደለም። 587ም ኳንታሱም እውነተኛ ክስተቶች ነበሩ፣ ሁለቱም ግን እዚ አልሰሩም። ግምቱን የሚያወራው ሰው ልዩነቱን ፈልጎ ካልነገረኝ ተመሳሳይነቱን ብቻ እየመረጠ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሶስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ቀድሞ የተገኘው ትክክል መልስ ራሱ ሰውን አዘናጋ። ፒቶ ነው የተባለው እውነት ስለሆነ ብዙዎቻችን አበቃ አልን፣ ግን ፒቶው የጀመረው እንጂ የጨረሰው አይደለም፣ ከአንድ ደቂቃ ጉድለት ወደ 228 ሰው ሞት ያለውን መንገድ ማንም በግምት አልሞላውም። መነሻውን ካገኘህ በኋላ ከዛስ እያልክ እስከ ውሃው ድረስ መጠየቅ አለብህ፣ መሃል ላይ የሚጎድል ደረጃ ካለ ገና ነህ።

የድምጽ መላኪያዎቹ ነገር ደግሞ ከአውሮፕላን ውጭም ይሰራል። የፈለግከውን ካጣህ ቦታውን ከመሰረዝህ በፊት መፈለጊያህ መስራቱን ጠይቅ። ከዚህ አደጋ በኋላ የባትሪው ዕድሜ ከ30 ወደ 90 ቀን ከፍ እንዲል ተደርጓል፣ ፓይለቶችም ከስቶል መውጣትን በከፍታ ጭምር እንዲለማመዱ ስልጠናው ተቀይሯል።

እስካሁን የሚያከራክረው

ኤፕሪል 17, 2023 የፓሪስ ፍርድ ቤት ኤር ፍራንስንና ኤርባስን ባለማወቅ ሰው ከመግደል ክስ ነጻ አወጣ፣ ቸልተኝነት ነበር ግን ከሞቱ ጋር በእርግጠኝነት አልተያያዘም ብሎ። ቤተሰቦች አለቀሱ፣ ዐቃቤ ህግም ይግባኝ አለ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ግን ለምን ሳበው የሚለውን ነው። ቢኢኤ ድንጋጤን አንስቷል፣ የጩኸቱን ተቃርኖ አንስቷል፣ ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ስክሪኑ ላይ ለፓይለቱ አፍንጫህን ወደዚህ አድርግ እያሉ የሚመሩ መስመሮች አሉ፣ በዛ ሌሊት እየጠፉ ተመልሰው ይመጡ ነበር፣ ሲመጡ ደግሞ ወደላይ ሳብ ብለው ሊሆን ይችላል። እነሱን ተከትሎ ከሆነ የሚሰራው ትርጉም ይሰጣል። ግን መቅጃው የሚቀዳው በግራ በኩል ያለውን ስክሪን ዳታ ነበር። መሪውን የያዘው በቀኝ ነበር የተቀመጠው። ቢኢኤ ከዛ በኋላ የሁለቱም ወገን ዳታ እንዲቀዳ፣ ኮክፒቱ ውስጥም የመሳሪያዎቹን ሰሌዳ የሚያይ ካሜራ እንዲገባ ሃሳብ አቅርቧል።